ከስልክ መስመር እስከ ኮምፒዩተር፤ ወጣቶች ለአእምሮ ጤንነታቸው ርዳታ እንዲሹ የተደረገው ጥረት ታሪክ

በ1935 በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ ገና ለሥራው አዲስ የሆነ አንድ ወጣት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የአንዲት ልጃገረድ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዲፈጽም ታዘዘ። ልጅቷ የ14 ዓመት ልጅ ስትሆን የሞተችውም በገዛ እጇ ነበር። የወር አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣባት ምን እንደ ሆነ የነገራት ሰው ስላልነበረ አሳፋሪ የአባለ ዘር በሽታ የያዛት መሰላት፤ ይህንንም ለማንም ለመግለጽ ድፍረት አጣች። ማንኛዋም ታላቅ እኅት ወይም አስተማሪ በአምስት ደቂቃ ልታስረዳት በምትችለው ነገር ሕይወቷ አለፈ። የቀብሩን ጸሎት ያደረሰው ቻድ ቫራ ይህን ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከልቡ አላወጣውም።

ወጣቶች በአእምሮ ጤንነታቸው ላይ ችግር ሲደርስባቸው ርዳታ እንዲሹ ለማድረግ በስልክ፣ በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ አማካይነት የተደረገው ጥረት ታሪክ ከዚህች መቃብር ይጀምራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ብዙዎች ይህን ጉዳይ የትናንት አዲስ ግኝት አድርገው ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ዛሬ በሞባይል መተግበሪያዎች ዙሪያ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ፣ ማለትም የተቸገረው ሰው ስሙ ይታወቅ ወይስ አይታወቅ፣ የሚያዳምጠው ባለ ሙያ ይሁን ወይስ ተራ ሰው፣ መሣሪያው በራሱ ይፈውሳል ወይስ ወደ ፈዋሽ ያደርሳል የሚሉት፣ ከ70 ዓመት በፊት ተነሥተው የነበሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስልኩ መስመር

ቫራ በ1953 በለንደን ከተማ እምብርት ለሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዎልብሩክ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ ተሾመ። አካባቢው የባንክና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሠፈር ስለ ነበረ በዚያ የሚኖር ምእመን እጅግ ጥቂት ነበር፤ አለቃውም በልቡ ሲያውጠነጥን የኖረውን ሐሳብ ለመፈጸም ጊዜ አገኘ። የለንደን ሕዝብ ከ1937 ጀምሮ እሳት ሲነሣ ወይም ሌባ ሲገባ የሚደውልበት 999 የሚባል የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነበረው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚደውልበት ቁጥር ካለው ሕይወቱ የመረረው ሰውስ ስለ ምን አይኖረውም? የቫራ ጥያቄ ይህ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን የመጀመሪያው ጥሪ በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ተሰማ። ድርጅቱም ውሎ አድሮ «ሳማሪታንስ»፣ ማለትም ደጋጎቹ ሳምራውያን፣ የሚለውን ስም ያዘ።

ስለዚህ ጅማሬ ከሚነገረው ሁሉ ለትምህርት ባለ ሙያዎች ይበልጥ የሚጠቅመው የሻዩ ነገር ነው። ጋዜጦች ወሬውን ካሠራጩት በኋላ የሚደውለውም በአካል የሚመጣውም ሰው በዛና አለቃው ብቻውን ሊያዳርስ አልቻለም። ባለጉዳዮቹ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያፈሉ ያቀርቡላቸው፣ አጠገባቸውም ተቀምጠው ያጫውቷቸው ጀመር። ጥቂት ጊዜ እንዳለፈ ቫራ አንድ ያልጠበቀውን ነገር አስተዋለ፤ ከሚጠባበቁት ሰዎች ብዙዎቹ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እርሱን ማየት ሳያስፈልጋቸው ቀልሏቸው ይሄዱ ነበር። ስለሆነም በፌብሩዋሪ 1954 የስልኩን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከበ። መስማት የሚችል ተራ ሰው ተገቢው ሥልጠና ሲሰጠው የመጀመሪያው በር ለመሆን እንደሚበቃ በዚያ ክረምት ታወቀ።

ስልኩ ለዚህ ተግባር የተመረጠው በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝና በዌልስ ራስን ለመግደል መሞከር እስከ 1961 ድረስ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ስለዚህ ስሙን ሳይናገርና ፊቱን ሳያሳይ የሚያወራ ሰው ከኀፍረት ብቻ ሳይሆን ከክስም ይጠበቅ ነበር። ሕጉ ከተሻረ በኋላም ኀፍረቱ ስላልተሻረ ስም ያለ መግለጽ መብት እንደ ነበረ ቀጠለ። በ1963 አለን ዎከር የተባለው ሰባኪ በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ «ላይፍላይን» የተሰኘውን ተመሳሳይ የስልክ መስመር መሠረተ። ለልጆችና ለወጣቶች ብቻ የታሰበው «ኪድስ ሄልፕላይን» ደግሞ በ1991 በኩዊንስላንድ ተጀምሮ በ1993 ወደ መላው አውስትራልያ ተዳረሰ። ሳማሪታንስ በ1994 በኢሜይል የሚላክ ጽሑፍ መቀበል ሲጀምር በድምፅ ለመናገር የሚያፍሩ ሰዎች በጽሑፍ ምን ያህል እንደሚደፍሩ ለማየት አስቻለ።

ኮምፒዩተሩ መልስ ሲሰጥ

በዚህ መሐል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተፈጸመ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም። ከናዚ ጀርመን ከቤተ ሰቡ ጋር ሸሽቶ የመጣው ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 «ኢላይዛ» ብሎ ስለ ሰየመው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሑፍ አወጣ። ፕሮግራሙ በጽሑፍ የቀረበለትን ቃል እየቀለበሰ በጥያቄ መልክ ይመልስ ነበር። አንድ ሰው «እናቴ ታሳዝነኛለች» ብሎ ቢጽፍ «ስለ ቤተ ሰብህ ጥቂት ንገረኝ» ይለዋል። ፕሮግራሙ ከዚህ የተለየ ምንም አላወቀም፤ የሚባለውንም አይረዳም። ሆኖም የዋይዘንባውም የገዛ ጸሐፊ፣ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ እያየች የቆየችው ሴት፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ ብቻዋን ለመነጋገር እንዲመቻት እርሱ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ዋይዘንባውም በዚህ እጅግ ደነገጠ። በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ኮምፒዩተር ሊሠራቸው ቢችል እንኳ ሊሰጡት የማይገቡ ሥራዎች መኖራቸውን፣ የሰውን ሐዘን ማዳመጥም ከእነዚሁ አንዱ መሆኑን ተከራከረ።

የመሣሪያው ፈጣሪ የመሣሪያው ዋና ተቃዋሚ ሆኖ መነሣቱ በቴክኒክ ታሪክ ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለም። የጸሐፊዋ ጥያቄ ግን ሁለት ነገር ያስረዳል። ሰው ሰሚ ሲያጣ ለማሽንም ይናገራል፤ ለማሽን ሲናገር ደግሞ ከሰው ፊት የሚያፍረውን ያህል አያፍርም። በኋላ የመጡት ሁሉ ያተረፉትም የተሳሳቱትም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት ነው።

የአውስትራልያ ልምድ

በ1990ዎቹ ዓመታት በአውስትራልያ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት እየበዛ ሄዶ መንግሥት ከ1995 እስከ 1999 የሚሠራ ልዩ ብሔራዊ ዕቅድ እስከማውጣት ደረሰ። በዚያው ዘመን የጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ አማካሪ የነበረው ጃክ ሂዝ አንድ ወጣት የአጎት ልጁ በ1992 ራሱን ስላጠፋ ሐዘን ላይ ወድቆ ነበር። ሂዝ የሐኪም ወይም የአስተማሪ ሙያ የነበረው ሰው አይደለም። ያየው ነገር ቢኖር ወጣቶቹ በኢንተርኔት አጠገብ የሚያሳልፉት ጊዜ እየጨመረ መሄዱንና የጤና መሥሪያ ቤቶች ግን በዚያ ሥፍራ አለመገኘታቸውን ነበር። በ1998 «ሪች አውት» የተባለው ድረ ገጽ ተከፈተ። ስለ ድብርት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ወላጆች መፋታት፣ ስለ ፈተና ፍርሃት በወጣቶች አነጋገር የተጻፈ ማብራሪያ ያቀርብ ነበር፤ ሌሎች ወጣቶች እንዴት እንዳለፉትም ይተርካል። ሕክምና አልሰጠም፤ እሰጣለሁም አላለም። አንባቢው የደረሰበት ነገር ስም እንዳለውና በእርሱ ብቻ እንዳልደረሰ ተረድቶ ወደ ሰው እንዲሄድ ለማደፋፈር ነበር የተዘጋጀው።

ይህ ማደፋፈር ለምን አስፈለገ? በ2007 በአውስትራልያ የተካሄደው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች 26 ከመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ የአእምሮ ጤና መታወክ እንደ ደረሰባቸው አሳየ። ከእነዚህ መካከል የጤና አገልግሎት ያገኙት 23 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ የወንዶቹ ድርሻ ደግሞ 13 ከመቶ ነበር። ሐኪም በሞላበት፣ ሆስፒታሉ ቅርብ፣ ክፍያውም በመንግሥት በሚደገፍበት አገር ከታመሙት ወጣቶች ከአራቱ ሦስቱ ወደ ማንም አልሄዱም ማለት ነው። ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። በ2005 በአሜሪካ የታተመው የሮናልድ ኬስለርና የባልደረቦቹ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚከሠቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ በ14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው በ24 ዓመት ዕድሜ እንደሚጀምሩ አስረድቷል። ይህም ማለት ሕመሙ የሚጀምረው በመማሪያ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ልጅ ላይ ነው ማለት ነው።

አሜልያ ጋሊቨርና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ ወጣቶችን ከርዳታ የሚያርቋቸውን ምክንያቶች አጥንተዋል። ቀዳሚዎቹ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃትና ኀፍረት፣ የሕመሙን ምልክት ለይቶ ያለማወቅ፣ እንዲሁም «በራሴ እወጣዋለሁ» ማለት ናቸው። «ሆድ ይፍጀው» በሚል ባህል ያደገ አንባቢ ይህን ዝርዝር ሲያይ ከሩቅ አገር የመጣ ነው አይልም። ከሦስቱ ውስጥ ሁለተኛው ፍጹም የትምህርት ጉዳይ ነው። አንቶኒ ጆርም የተባለው አውስትራልያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1997 ስለ አእምሮ ጤና ያለውን ዕውቀት ከማንበብና ከመጻፍ ዕውቀት ጋር በማመሳሰል የአእምሮ ጤና መሃይምነት ሊወገድ የሚገባው ነገር መሆኑን ያመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። እርሱና ቤቲ ኪችነር በ2000 በካንቤራ የጀመሩት ሥልጠና፣ ቁስል ለሚያስር ሰው የመጀመሪያ ርዳታ እንደሚማር ሁሉ፣ ማንኛውም ሰው ለታወከ አእምሮ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትን እንዲማር የሚያደርግ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች አስተማሪዎች ይወስዱታል።

ሕክምናው ወደ ትምህርት ሲለወጥ

በ1960ዎቹ ዓመታት በፊላደልፊያ አሮን ቤክ የተባለው ሐኪም ለድብርት አንድ አዲስ የሕክምና መንገድ አመጣ። የተደበረ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያስበው ነገር የተዛባ መሆኑን በመገንዘብ ሕመምተኛው ሐሳቡን በወረቀት እየጻፈ፣ እየመረመረና ከእውነታው ጋር እያመሳከረ እንዲያርመው ያደርግ ነበር። በየሳምንቱ መልመጃ ይሰጠዋል፤ መልመጃውም በሐኪሞቹ ቋንቋ ሳይቀር «የቤት ሥራ» ይባላል። የሥርዓተ ትምህርት ባለ ሙያ ይህን ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ያያል፤ ዓላማ፣ ተከታታይ ምዕራፍ፣ መልመጃ፣ ግምገማ። ሕክምናው የትምህርት መልክ ስለ ነበረው የመማሪያ መጽሐፍ ሊሆን ቻለ፤ የመማሪያ መጽሐፍ የሆነ ነገር ደግሞ በኮምፒዩተር ሊቀርብ ይችላል።

ይህን በሰፊው ከፈጸሙት አንዱ የአውስትራልያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሔለን ክሪስተንሰን የሚመራው ቡድን በ2001 «ሙድጂም» የተባለውን በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ለሕዝብ በነፃ አቀረበ። በ2004 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመው የዚሁ ቡድን ጥናት የድብርት ምልክት የታየባቸውን 525 ሰዎች በዕጣ በሦስት የከፈለ ነበር፤ አንዱ ክፍል ሙድጂምን ተማረ፤ ሁለተኛው ስለ ድብርት መረጃ የሚሰጥ ድረ ገጽ አነበበ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። በሁለቱ ክፍሎች የድብርቱ ምልክት ቀነሰ። መረጃ ብቻ ያነበቡት እንኳ መጠቀማቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ ሙድጂምን ከቤታቸው በራሳቸው ፈቃድ የጀመሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አላለፉም። ተመራማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ በተለይ ጉዳዩን በወጣቶች ላይ መረመሩት። በ2009 በታተመ ጥናት በትምህርት ቤት ውስጥ ትምህርቱን የተከታተሉ 1000 ወጣቶች በግላቸው በኢንተርኔት ካገኙት 7207 ወጣቶች ጋር ተነጻጸሩ። የትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎች በአማካይ 9.38 መልመጃ ሲሠሩ ብቻቸውን የነበሩት የሠሩት 3.10 ብቻ ነበር። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ያው ነው። በአንደኛው ወገን ግን የተመደበ የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ነበረ፤ ደወል ነበረ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚዘዋወር አስተማሪም ነበረ።

ካሊር የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዚያው በ2009 ያወጡት ሌላ ጥናት በ30 የአውስትራልያ ትምህርት ቤቶች 1477 ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። ሙድጂምን በክፍል ውስጥ በተማሩት ዘንድ ጭንቀት ከማነጻጸሪያው ቡድን ይልቅ ቀነሰ፤ ድብርት ደግሞ በወንዶቹ ላይ ቀነሰ። ውጤቱ መጠነኛ ነው፤ ተአምር አልነበረም። ነገር ግን ያ 13 ከመቶው ብቻ ወደ ሐኪም የሚሄደው ወንድ ወጣት በክፍል ጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ፣ ማንም ለይቶ ሳያየው፣ ከሐኪም ሊያገኘው ይገባው የነበረውን ትምህርት ማግኘቱ ቀላል ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ታማሚው ከጤነኛው አይለይም፤ ኀፍረትም ቦታ ያጣል።

በኒው ዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በሳሊ ሜሪ መሪነት ይህንኑ ሕክምና በጨዋታ መልክ አዘጋጁት። «ስፓርክስ» በተባለው ጨዋታ ወጣቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ራሱን የሚወክል ሰው መርጦ በሰባት ክፍላተ አገር እየተጓዘ አፍራሽ ሐሳቦችን የሚመስሉ ነፍሳትን ይዋጋል፤ በየመንገዱም አንድ መሪ የተማረው ነገር በእውነተኛው ሕይወት እንዴት እንደሚሠራበት ያስረዳዋል። በ2012 የታተመው ጥናት በ24 ሥፍራዎች ርዳታ ፈልገው የመጡ ከ12 እስከ 19 ዓመት የሚሆኑ 187 ወጣቶችን ያካተተ ነበር። ጨዋታው ከተለመደው የአማካሪዎች ርዳታ የማያንስ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ፈጽሞ የዳኑት በጨዋታው በኩል 43.7 ከመቶ፣ በተለመደው ርዳታ በኩል 26.4 ከመቶ ነበሩ። እዚህም ላይ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ 187ቱ ወጣቶች አስቀድመው ወደ ሰው የመጡ ነበሩ። ቴሬሳ ፍሌሚንግና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት ግምገማ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከጥናት ወጥተው ለሕዝብ ሲለቀቁ እስከ መጨረሻው ወይም ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚጠቀምባቸው ሰው ከ0.5 እስከ 28.6 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል።

ከድረ ገጹ ባሻገር ያለው ቤት

የአውስትራልያ መንግሥት በ2006 «ሄድስፔስ» የተባለውን ብሔራዊ ድርጅት አቋቋመ። ከአቋቋሚዎቹ ዋነኛው፣ በ2010 የአገሪቱ የዓመቱ ሰው ተብሎ የተሸለመው ሐኪም ፓትሪክ ማክጎሪ፣ ወጣቶች ለሕፃናት በተዘጋጀው ክሊኒክም ለጎልማሶች በተዘጋጀው ሆስፒታልም ቦታ እንደሌላቸው ለረጅም ጊዜ ሲከራከር የቆየ ሰው ነው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 ዓመት ለሆኑት ብቻ በየከተማው የሄድስፔስ ማዕከል ተከፈተ። በ2011 ደግሞ በኢንተርኔትና በስልክ ከባለ ሙያ ጋር የሚያነጋግረው ክፍል ሥራ ጀመረ። በዚህ አሠራር መሣሪያውና ቤቱ ተገናኙ። በሌሊት በጽሑፍ ከአማካሪ ጋር የተነጋገረ ወጣት የሚሄድበት በር አለው፤ በሩም የሆስፒታል በር አይመስልም።

ሁሉም ሙከራ እንዲህ የተሳካ አልነበረም። ሳማሪታንስ፣ የሻዩ ድርጅት፣ በኦክቶበር 1914 ሳይሆን ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2014 መጨረሻ፣ «ራዳር» የተባለ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። መሣሪያው ሰዎች በትዊተር የሚጽፉትን እየተከታተለ የተስፋ መቁረጥ ምልክት ያለበትን ጽሑፍ ሲያገኝ ለጸሐፊው ተከታዮች ያስታውቅ ነበር። አሳቡ ደግ ነበር። ግን ጸሐፊው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ለጠላቱም ጭምር ደካማ ሰዓቱን ማሳበቅ መሆኑን ብዙዎች፣ በተለይም ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች፣ አምርረው ስለ ተቃወሙ በኖቬምበር 7 ቀን፣ ከተጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ታገደ። በ1953 ስም ሳይጠየቅ እንዲናገር ሰውን የጋበዘው ድርጅት በ2014 ያልጠየቀውን ሰው ስም ጠርቶ መገኘቱ የመሥራቹን መነሻ ሐሳብ ለመዘንጋት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያሳያል። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአሜሪካ በ2013 የተቋቋመው በአጭር የስልክ መልእክት ርዳታ የሚሰጠው «ክራይሲስ ቴክስት ላይን» ስም የተነሣለትን የመልእክቶች መረጃ ለአንድ የንግድ ድርጅት ያካፍል እንደ ነበረ ታወቀ፤ ነቀፋ ሲበዛበትም ይህንኑ አቆመ።

የዋይዘንባውም ጭንቀትም አልሞተም። በ2023 በአሜሪካ የአመጋገብ መታወክ ላለባቸው ሰዎች የቆመ ብሔራዊ ማኅበር ያቀረበው «ቴሳ» የተባለ መልስ ሰጪ ፕሮግራም፣ ራሳቸውን በረኀብ ለሚጎዱ ሰዎች ክብደት ስለ መቀነስ ምክር ሲሰጥ በመገኘቱ እንዲነሣ ተደርጓል። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ኢላይዛ ያልነበራት አንደበት አላቸው። ወጣቶች ማንም ሳያዛቸው በሌሊት የሚያጫውቷቸው መሆኑም የታወቀ ነው። የአንደበታቸው ማማር ግን ለተሳሳተ ምክር ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ስሕተቱን ተአማኒ ያደርገዋል።

እነዚህን መሣሪያዎች ወደ ሌላ አገር ለማምጣት ለሚያስብ የዕቅድ ባለ ሙያ ከቴክኒኩ ይልቅ የሚያሳስበው ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ቤት ነው። ሙድጂም ለሕዝብ በቀረበ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2003፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞች የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር፤ የአማኑኤል ሆስፒታልም ለብዙ ዓሠርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በ2012 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን በየጤና ጣቢያው ለማዳረስ የታለመ ነበር። «ወደ ሐኪም ሂድ» የሚል መሣሪያ ሐኪሙ በሌለበት ወረዳ ቢሠራጭ ወጣቱን ደፍሮ ከተነሣ በኋላ በተዘጋ በር ፊት ያቆመዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይደፍርም።

የቋንቋውም ጉዳይ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሲደበር «ድብርት ይዞኛል» ላይል ይችላል። «ልቤን ከበደኝ» ይላል፤ «ሆዴ ባባ» ይላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ትምህርት አልገባው ይላል። በእንግሊዝኛ የተሠራውን መጠይቅ ቃል በቃል የገለበጠ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ልጅ ጤነኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሪች አውት በወጣቶቹ አነጋገር ለመጻፍ የደከመው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይህ ድካም ደግሞ በትርጉም አይተላለፍም፤ በየቋንቋው እንደ ገና መደከም አለበት። በዚህ ረገድ የተማሪውን አነጋገር በየቀኑ ከሚሰማው አስተማሪ የተሻለ ምንጭ አይገኝም።

በአውስትራልያ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። ምክር ቤቱ በኖቬምበር 2024 ባጸደቀውና ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በታላላቆቹ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች የራሳቸው መዝገብ እንዳይኖራቸው ተከልክሏል። ደጋፊዎቹ መድረኮቹ የልጆችን አእምሮ ይጎዳሉ ይላሉ። ከወጣቶች ጋር የሚሠሩ አንዳንድ የአእምሮ ጤና ድርጅቶች ግን ከከተማ ርቆ የሚኖር፣ ከጓደኞቹ የተለየ ልጅ ርዳታ መኖሩን የሚሰማው በእነዚሁ መድረኮች በኩል መሆኑን አሳስበዋል። ሁለቱም ወገን ያነሣው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ የሕጉን ውጤት ለመመዘንም ጊዜው ገና ነው። ዋና ዓላማቸው ጤናን ወይም ትምህርትን መደገፍ የሆኑ አገልግሎቶች ከክልከላው ውጭ ሆነዋል። በ1991 የተከፈተው የልጆች የስልክ መስመርም ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ የ14 ዓመት ልጅ ያለ ክፍያ ትደውላለች፤ ስሟንም እንድትናገር አትገደድም።